«አንቺ ካልሽ» አለኝ፤ እኔ ደግሞ ትራስ ላስር ነው

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

38 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ እንኖራለን። ትንሽ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ቀያሽ ነው፤ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ወር ሜዳ ነው የሚያሳልፈው። ከተጋባን 12 ዓመት ሆነን። ልጅ የለንም። ሐኪም ቤቱንም ጠበሉንም አዳርሰነዋል። ባለፈው ዓመት ዶክተሩ ዕድላችን በጣም ጠባብ መሆኑን ቁርጡን ነገረን። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ አውርተን አናውቅም። በቅርቡ ጨክኜ «ልጅ ወስደን ብናሳድግስ?» አልኩት። «አንቺ ካልሽ» ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ።

የባለቤቴ እህት ዘጌ ነው የምትኖረው። አምስት ልጆች አሏት። የመጨረሻዋ ሦስት ዓመት አልሞላትም። ለፋሲካ ሄደን ሳለ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጣ «ይቺን ውሰጃት፣ ያንቺ ትሁን» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። አማቴ ሐሳቡን ወደውታል። «ከሥጋችን ካልሆነ ባዳ ማሳደግ አመድ አፋሽ መሆን ነው» ይላሉ።

እኔ ግን ከማሳደጊያ፣ ማንም የሌለው ሕፃን ብወስድ ደስ ይለኛል። እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ሀብታም ካልሆናችሁ አይሰጧችሁም ያሉኝ ሰዎች አሉ።

ሦስተኛውን መጻፍ ያሳፍረኛል። አንድ ክሊኒክ የምትሠራ የማውቃት ሴት አለች። ከገጠር የመጣች አንዲት ወጣት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገረችኝ። «ልጁን አትፈልገውም። እንደተወለደ ላንቺ ይሰጥሻል። እስከዚያ ትራስ ቢጤ እያሰርሽ ሰው ይይሽ፤ ወረቀቱን በስምሽ አስጨርሳለሁ» አለችኝ። ለልጅቷ ጥቂት ብር፣ ለእሷም ጥቂት። እሺ አላልኳትም። ግን ሳላስበው ሰፊ ቀሚስ መልበስ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ቡና ላይ አንዷ ጎረቤቴ አየት አድርጋኝ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለችኝ። አሜንም አላልኩ፣ እንዳልሆነም አልነገርኳት። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ምን ይሻለኛል? ሳልዋሽ እናት መሆን እችላለሁ?

ም.፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከቡናው ልጀምር። ጎረቤትሽ ስትመርቅሽ ዝም በማለትሽ ራስሽን ውሸታም አታድርጊ። 12 ዓመት ሙሉ የጠበቅሽው ምርቃት ድንገት ሲመጣ «አይ፣ አይደለም» ብሎ መመለስ ለማንም አይቀልም። ግን ነገሩ እዚያው ይቁም። በሚቀጥለው ቡና ሌላ ልብስ ለብሰሽ ሂጂ። «ያን ቀን ደንግጬ ዝም አልኩ እንጂ እርጉዝ አይደለሁም» በያት። አንድ ደቂቃ ትፈጂያለሽ፤ ትንሽ ታፍሪያለሽ፤ ያልፋል። የልብስ ነጋዴ ነሽ፣ ሰፊውን ቀሚስ ለሚያስፈልጋት ሽጪላት።

ሦስቱንም መንገዶች እናያቸዋለን። ከሁሉም በፊት ግን ባልሽ አለ።

«አንቺ ካልሽ» ሲልሽ እሺ አላለሽም፤ እምቢም አላለሽም። ወንዶቻችን እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ ስለማይፈልጉ ሳይሆን ስላዘኑ ነው። ዶክተሩ ቁርጡን ሲናገር እሱም አጠገብሽ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ጠየቀው? አንቺ ቢያንስ ቡና ላይ የሚያይሽ ሰው አለ፤ ቤትሽ ገብተሽ ማልቀስም ትችያለሽ። እሱ ካምፕ ውስጥ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ነው የሚያድረው። ማታ ማታ የልጆቻቸውን ድምፅ በስልክ ሲሰሙ እሱ ምን እያደረገ ይቀመጣል? ይህን አስበሽው ታውቂያለሽ?

የእሱ ፈቃድ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ይፈልገዋል። ባለትዳር ሰው ብቻውን ሄዶ የጉዲፈቻ ልጅ መውሰድ አይችልም። የትዳር ጓደኛውን ልጅ የራሱ ለማድረግ ካልሆነ በቀር ባልና ሚስት አብረው ነው የሚፈርሙት። ዳኛ ፊት ቆሞ «እሷ ካለች» ማለት ደግሞ አያዋጣም።

ስለዚህ ከሜዳ ሲመለስ በር ላይ አትጀምሪው። ይታጠብ፣ ይብላ፣ ይተኛ። በማግስቱ ወደ ሐይቁ ዳር ይዘሽው ውጪ። ጎን ለጎን እየተራመዱ የሚወራው፣ ጠረጴዛ ይዘው ፊት ለፊት ከሚወራው ይቀላል። «ልጅ እንውሰድ ወይስ አንውሰድ?» አትበይው፤ መልሱን ሰምተሽዋል። «ያን ቀን ከሐኪሙ ስንወጣ ምን ተሰማህ?» በይው። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አንቺ አትሙይው። ምናልባት በዚያ ቀን የሚወጣው ሐዘን ብቻ ይሆናል። ይሁን። ሐዘኑ ሳይወራ ልጅ ቢመጣ፣ ያ ልጅ የእናንተን ሐዘን የማስረሳት ሥራ ይሰጠዋል። ለሕፃን ከባድ ሥራ ነው።

ለራስሽም አንድ ጥያቄ ላቅርብልሽ። መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። የሚመጣውን ልጅ ስታስቢ መጀመሪያ የሚታይሽ ምንድን ነው? ልጁ ወይስ ጎረቤቶችሽ የሚሉት? ሁለቱም ቢታዩሽ አልፈርድብሽም። የሰው አፍ ቀላል አይደለም፤ በተለይ በየማኅበሩና በየክርስትናው «አንቺስ?» ለተባለች ሴት። ግን የትኛው እንደሚበልጥ እወቂው፤ ትራሱን ያመጣው ሁለተኛው ነውና።

አሁን ወደ ትራሱ። እዚህ ላይ ላለሳልስልሽ አልችልም። ይህን መንገድ ተይው። ያልወለዱትን እንደወለዱ አስመስሎ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት ወንጀል ነው። በሕፃን ላይ ብር ሲከፈልበት ደግሞ ጉዳዩ ከሐሰተኛ ወረቀት ያልፋል። «አስጨርሳለሁ» ያለችሽ ሴት ነገ ሲቸግራት ተመልሳ በርሽን ታንኳኳለች። ምን ብለሽ ትመልሻታለሽ?

የእሷንስ ተይው፤ ልጁን አስቢው። እንዲህ የመጣ ልጅ የሐሰት የልደት ወረቀት ይኖረው ይሆናል፤ የጉዲፈቻ ውል ግን የለውም፣ የፍርድ ቤት ውሳኔም የለውም። አንድ ቀን ከዘመድ አንዱ የውርስ ክርክር አንስቶ «ይህን ልጅ እኮ አልወለደችውም» ቢል ልጁ የሚያሳየው ነገር የለም። በአግባቡ በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ግን በሕግ ፊት እንደ ወለዳችሁት ልጅ ነው የሚቆጠረው፤ ይወርሳችኋል። ሐኪም ቤትም አለ። «በቤተሰብ አስም አለ? ስኳር አለ?» ብለው ሲጠይቁሽ የራስሽን ዘር ታሪክ ልትነግሪያቸው ነው፤ የልጁ ያልሆነውን። ደግሞ ባሕር ዳር እንደምታውቂያት ናት። ያቺ የክሊኒክ ሴት ታውቃለች፣ አዋላጇ ታውቃለች፣ ወላዷ ታውቃለች። ልጁ ይህን ከጎረቤት ልጆች ጋር በኳስ ሲጣላ እንዲሰማው ትፈልጊያለሽ?

ሕጉ ገና ላልተወለደ ልጅ እንኳ ግልፅ በር አለው። የተፀነሰ ልጅን በጉዲፈቻ ለመስጠት መስማማት ይቻላል። ግን ለእናቲቱ ከወለደች በኋላ ሐሳቧን የምትለውጥበት ዕድል ተጠብቆላታል። በሰባት ወሯ «አልፈልገውም» ያለች ሴት ሕፃኑ አልቅሶ ስትሰማ ሌላ ነገር ልትፈልግ ትችላለች። ወደዚች ወጣት እመለሳለሁ።

የዘጌዋ ልጅ ነገር ረጋ ብሎ መታየት ያለበት ነው። ለእኔ ከሦስቱ ከባዱ ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚቀለው ስለሚመስል።

የባልሽ እህት በሳቅ መሃል የጣለችው ቃል ምን ነበር? አንዳንድ እናት እንዲህ ስትል ልጄ ከተማ ትማርልኝ ማለቷ ነው። አንዳንዷ ከልቧ መስጠቷ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ባዶ ጭንሽን አይታ አዝና ያለችው ነው፤ በማግስቱ ልጅቷን አዝለሽ ጀልባ ልትሳፈሪ ብትነሺ እሷው ትጮሃለች። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ሰው በሌለበት፣ ሳቅ በሌለበት፣ ሁለታችሁ ከእሷና ከባሏ ጋር ቁጭ ማለት። በነገራችን ላይ የልጅቷን አባት በደብዳቤሽ አንድም ቦታ አላነሳሽውም። እሱስ ምን ይላል? ወላጆች በሕይወት እስካሉና እስከታወቁ ድረስ ጉዲፈቻ የሁለቱንም ፈቃድ ይፈልጋል።

ዘመድ ልጅ ማሳደግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያት ቤት፣ አክስት ቤት ያላደገ ማን አለ? የድሮ ሰዎች ማር አቅምሰው «የጡት ልጅ» ሲያደርጉም በሰው ፊት ቃል ገብተው ነበር። ግን ዝም ብሎ ማሳደግና ጉዲፈቻ አንድ አይደሉም። እንዲሁ ወስደሽ ብታሳድጊያት አክስቷ ነሽ። ወላጆቿ በፈለጉ ጊዜ መጥተው ይወስዷታል። ኦፕራሲዮን ቢያስፈልጋት፣ ፓስፖርት ብታወጣ ፈራሚዎቹ እነሱ ናቸው። ሰባት ዓመት አሳድገሽ፣ ፀጉሯን ሠርተሽ፣ ሌሊት ሲያተኩሳት አብረሻት አንግተሽ፣ አንድ ክረምት «ለእረፍት ትምጣ» ተብላ በዚያው ብትቀርስ? ይህን ሳያወሩ የጀመሩ ስንት ቤተሰቦች ተቆራርጠዋል መሰለሽ።

በጉዲፈቻ ከሆነ ግን ልጃችሁ ናት። ልብሽን ሊያሳርፈው የሚችለው ነገር ሕጋችን ከወለዷት ጋር ያላትን ዝምድና የማይበጥስ መሆኑ ነው። የዘጌ እናቷ እናቷ መሆኗ አይፋቅም። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል መምረጥ ግድ ሲሆን የአሳዳጊዎቹ ይቀድማል። ለዘመድ ልጅ እንዲህ ያለው ሕግ ይመቻል፤ ማንም መደበቅ የለበትም። «ዘጌ ያለችው ወለደችሽ፣ እኛ አሳደግንሽ» ተብሎ በቡና ሰዓት ሳይቀር የሚወራ ነው።

የሚከብደኝ ሌላው ነው። ልጅቷ አድጋ «ከአምስታችን እኔን ብቻ ለምን?» ብላ ትጠይቃለች። አራቱ እህት ወንድሞቿ እዚያው ቡናው ጥላ ሥር አብረው አድገው እሷ ብቻ ተነጥላለች። መልሱ «ተቸግረን ነው» ከሆነ፣ ጥያቄው ወደ እናንተ ይመለሳል። ችግሩ ገንዘብ ብቻ ከነበረ ልጅቷን ሳትወስዱ መርዳት አትችሉም ነበር? ለእሷ ትምህርት ቤትና ልብስ ልታወጡ ያሰባችሁትን ከፊሉን ለእናቷ ብትልኩ እቤቷ ማደግ ትችል እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩት። ይህ የአንቺን የእናትነት ጥማት እንደማይመልስ አውቃለሁ። ጥማትሽን ለማርካት ግን የዚች ልጅ ከእናቷ መለየት አስፈላጊ መሆን አለበት ወይ? እኔ ብሆን እናቷ በእርግጥ ማሳደግ እንደማትችል ሳላረጋግጥ አልወስዳትም።

ቢከፋሽም አንድ ነገር ልጨምር። በየከተማችን «የዘመድ ልጅ ናት፣ እያሳደግናት ነው» የሚባሉ ሕፃናት አሉ። የቤቱ ልጆች ደብተር ሲዘረጉ እነሱ ጀሪካን ያነሳሉ። አንቺ እንዲህ እንደማታደርጊ ደብዳቤሽ ይመሰክራል። ሕጉ ግን ለሁላችንም የተጻፈ ነው። ጉዲፈቻ «አልተግባባንም» ተብሎ አይፈርስም፤ ልጅ መመለስ የለም። ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው ልጁን ለማዳን ነው፦ አሳዳጊው እንደ ባሪያ ሲያሠራው፣ ለብልግና ሥራ ሲያሰማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አኳኋን ሲይዘው።

ልጅቷን ለመውሰድ ከወሰናችሁም በአንድ ቀን አትንጠቋት። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እናቷን በጠረኗ ነው የምታውቃት። መጀመሪያ እናንተ ዘጌ እየሄዳችሁ እደሩ። ከዚያ ከእናቷ ጋር ባሕር ዳር ትምጣ። የምትተኛበትን ነጠላ ሳታጥቢው ይዛው ትምጣ። ስሟንም አትቀይሪባት። በዚያ ስም ስትጠራ ዞራ ታያለች፤ የራሷ ነው።

ማሳደጊያውን በተመለከተ፣ ሀብታም መሆን ያስፈልጋል ያሉሽ ሰዎች ከየት እንዳመጡት እንጃ። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነው፤ ልጁን ለማሳደግና ለመንከባከብ አቅሙ አላችሁ ወይ የሚለውን ያያል። ቋሚ ገቢ፣ ጤና፣ የሰላም ቤት። አንድ ሱቅና አንድ ደሞዝ ያለው ቤት ድሃ አይባልም። ዕድሜሽም አልረፈደም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሚጠይቀው አሳዳጊው ከ25 ዓመት እንዳያንስ ነው፤ ለባልና ሚስት ደግሞ አንዳቸው 25 ከሞላ ይበቃል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። እናንተ የምትዳኙት ግን በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በ1995 የወጣ ነው። በመሠረቱ ከፌዴራሉ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ዝርዝሩን ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ያንብብላችሁ።

በር የምታንኳኪው የክፍለ ከተማችሁን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። መጀመሪያ ምንም ወረቀት ሳትይዢ ሄደሽ «ምን ምን ታስፈልጋላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይፈለጋል። ባለሙያ ቤታችሁ መጥቶ ያያል፣ ያነጋግራችኋል። ከዚያ ከልጁ አሳዳሪ ተቋም ጋር ውል ትፈርማላችሁ። ውሉ ብቻውን ግን ምንም አይደለም፤ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም። ዳኛው የልጁንም ሐሳብ ይሰማል፣ መናገር የሚችል ከሆነ። ሲጸድቅ ቀበሌ ሄዳችሁ ታስመዘግቡታላችሁ፤ ጉዲፈቻ እንደ ልደትና ጋብቻ በወሳኝ ኩነት የሚመዘገብ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ መሃል «ለልጁ» ተብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ከመጣ፣ ከዚያ ቤት ውጡ።

ልታውቂው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማሳደጊያ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ማንም የሌለው አይደለም። አንዳንዱ እናት አለው፣ አንዳንዱ የሚፈለግ አጎት አለው። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን እንኳ መጀመሪያ ቤተሰቡ ይፈለጋል። ስለዚህ ብትጠብቂ አትናደጂ፤ የሚዘገየው ለልጁ ሲባል ነው። በመጠበቁ መሃል ስለ አደራ ቤተሰብ ጠይቂ። ልጁ ዘለቄታ ያለው ቤት እስኪገኝለት በጊዜያዊነት ቤታችሁ ተቀብላችሁ ማሳደግ ማለት ነው። ለአንዳንዱ ባልና ሚስት ጥሩ መለማመጃ ይሆናል። ለአንቺ ግን እጠራጠራለሁ። ልጁ ወደ ዘመዶቹ ሲመለስ ልብሽ ይችለዋል?

ሁሉም ሰው አራስ ነው የሚፈልገው። አምስት፣ ስድስት ዓመት የሆናቸው ደግሞ በር በተከፈተ ቁጥር እየዞሩ ያያሉ። በጥር 2010 ምክር ቤቱ ወደ ውጭ አገር የሚደረገውን ጉዲፈቻ ከከለከለ ወዲህ የእነዚህ ልጆች ተስፋ እዚሁ አገር ያለ ቤተሰብ ነው። አራስ ብቻ እንዳትይ አላስገድድሽም። ከባልሽ ጋር ስትነጋገሩ ግን ዕድሜውን አንሱት። ሜዳ የሚውል አባት ለአራስ ከመሆን ይልቅ ከፍ ላለ ልጅ በስልክም ቢሆን አባት መሆን ይቀለው ይሆናል።

አማትሽን አልረሳኋቸውም። «አመድ አፋሽ» ያሉት ከክፋት አይመስለኝም። ልጃቸው በስተርጅናው እንዳይከፋ ፈርተው ነው። አትከራከሪያቸው። ባልሽ ያናግራቸው፤ እናቱ ናቸው። ሲያናግራቸው ግን ለፈቃድ አይሂድ፤ ለምክርና ለምርቃት ይሂድ። በፌዴራሉ ሕግ የአሳዳጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ጉዲፈቻውን ቢቃወሙና ተቃውሟቸውን ፍርድ ቤት ቢያስመዘግቡ፣ ጉዲፈቻው በእነሱ ላይ ውጤት አይኖረውም። ይህ ማለት ልጁ የእናንተ ልጅ መሆኑ አይቀርም፤ የእሳቸው የልጅ ልጅ ግን በሕግ አይባልም። እዚያ ድረስ የሚሄዱ አይመስለኝም። አብዛኛዋ አያት ሕፃኑ ቤት ገብቶ አንድ ጊዜ ጣቷን ከያዛት በኋላ ስለ ሥጋ ማውራት ትረሳለች።

ለልጁስ መቼ ይነገረዋል? ከመጀመሪያው ቀን። ገና ሳይገባው፣ ስታጥቢው፣ ስታበይው ይስማው። «ሌላ እናት ወለደችህ። እኔና አባትህ ፈለግንህ፣ ዳኛ ፊት ቆመን ልጃችን አልንህ።» ይህን በሁለት ዓመቱ ስትነግሪው ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ በአራት ዓመቱ ሌላ ተረት ንገሪኝ ይልሻል። የሚጎዳው በ15 ዓመቱ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ነው። «ሳልዋሽ እናት መሆን እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ትችያለሽ። ጉዲፈቻ እንዲያውም ካልተዋሸበት ነው የሚጸናው።

እንግዲህ በዚህ ወር ባልሽን አናግሪው፣ ጽሕፈት ቤቱ ሂጂ፣ ሁለታችሁ ዘጌ ሄዳችሁ ከልጅቷ ወላጆች ጋር ተቀመጡ። ቅደም ተከተሉ ባልሽ መጀመሪያ ነው። ቡና ላይ ለጎረቤትሽ «እርጉዝ አይደለሁም» ካልሽ በኋላ «ልጅ ለማሳደግ እያሰብን ነው፣ ምርቃትሽን ለዚያ አድርጊልኝ» ማለት ያምርሽ ይሆናል። እሱን ከባልሽ ጋር እስክትስማሙ አቆዪው።

ቀን የማይሰጠው የነፍሰ ጡሯ ጉዳይ ነው። ሁለት ወር የቀራት ልጅ አንድ ቦታ ተቀምጣ የክሊኒኳን ሴት ትጠብቃለች። አንቺ እምቢ ስትዪ ሴትየዋ ሌላ ገዢ ልትፈልግ ነው። ለሴትየዋ ዛሬውኑ ደውለሽ «እኔ የለሁበትም» በያት። ብር ሰጥተሻት ከሆነ አትጠይቂያት፣ ይቅር። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄጂ ከራስሽ ጉዳይ በፊት የእሷን ንገሪያቸው፦ የት እንዳለች፣ ስንት ወሯ እንደሆነ፣ ማን እያግባባት እንደሆነ። ልጁን ማሳደግ ትፈልግ እንደሆነ፣ ቤተሰቧ ዘንድ መመለስ ትችል እንደሆነ፣ መስጠት ከፈለገችም በአግባቡ እንዴት እንደሚሆን የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል። እስካሁን የጠየቃት የለም።